የማይለምደው እንስሳ

በዐቢይ ጾም የጅብ ምግብ ይለወጣል። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በመቀሌ አካባቢ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ፣ በውስጡ የቀረውን ጸጉር እየለዩ፣ ጅቡ በየወቅቱ ምን እንደበላ መርምረዋል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር የተገኘበት ኩስ ከመቶ 14.8 ነበር። በጾሙ 55 ቀናት ወደ 33.1 ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ሉካንዳው ሲዘጋ፣ በየቤቱ በግና ዶሮ መታረዱ ሲቆም፣ ከከተማው ጥግ የሚጣለው አጥንትና አንጀት ይጠፋል። ጅቡም የለመደውን ትርፍራፊ ሲያጣ በእግሩ ወደቆመው ሥጋ ይዞራል።

ጅብ ባሕረ ሐሳብ አያሰላም፤ ጾም መቼ እንደሚገባ የሚነግረው ካህንም የለው። ሆኖም ሰው ለነፍሱ ብሎ ያደረገው ነገር የጅቡ ሆድ ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ አንድ ድሃ ደጅ ይመለሳል። አህያው የተበላበት ሰው በማግሥቱ ውኃውንም እህሉንም በገዛ ጀርባው ይሸከማል። ጾሙን መንቀፌ አይደለም፤ እኔም ጿሚ ነኝ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሥራችን እኛ ካሰብነው እጅግ ርቆ ይሄዳል፣ ያረፈበትን ግን አናይም። አውሬው ያየዋል። ቀኑን ቆጥሮ ሳይሆን በረሃቡ ለክቶ ያውቀዋል።

ይህን የምጽፈው በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ያለውን እያሰብኩ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ሳይንት በሚወስደው በኩል የደንቆሮ ጫካ አለ። የአማራ ክልል በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከለለው፤ በኋላ ሲሰፋ ወረሂመኑ የሚለው ስም ተጨመረበት። መጀመሪያ የተከለለው ከ4,000 ሔክታር ጥቂት የሚበልጥ መሬት ነው። ለፓርክ ትንሽ ነው። ግን ከ2,000 ሜትር በታች ከሚወርደው ሸለቆ ተነሥቶ ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ብዙ ዓለም በአንድ ገደል ላይ ደርቦ ይዟል። ከታች ጥዱና ወይራው፣ በውስጡም የምኒልክ ድኩላና ነብር፤ ከዚያ በላይ አስታው፤ ከአስታው በላይ ጓሳና ጅብራ የለበሰው ሜዳ። ገደሉ የጭላዳና የሰስ ነው። ጫፉ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚበላበት፣ ቀይ ቀበሮ አለ።

በዙሪያው ሰው አለ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚያመርት፣ በግ የሚያረባ፣ ከአስታው ማገዶ፣ ከጓሳው የቤት ክዳንና ገመድ የሚያወጣ ገበሬ። መካነ ሰላምም ሰፍታለች። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተከፍቶባታል፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉንደ ወይን የሚያደርሰው መንገድ ከጎጃም ጋር አገናኝቷታል። ከተማ ሲሰፋ የሚመጣው ሁሉ አብሮ መጥቷል፤ ሆቴሉ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የቆሻሻ መጣያው፣ የመንገድ መብራቱ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ።

በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው «አውሬው መጣብን» ይላል። የፓርክ ጠባቂው ደግሞ «ሰው ገባበት» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። የገበሬው ማረሻ ተዳፋቱን እየወጣ የሄደው በስስት አይደለም። አያቱ የነበረው መሬት ለአባቱና ለአጎቶቹ፣ ከዚያ ለእሱና ለወንድሞቹ ሲከፋፈል የቀረው ቁራሽ ቤተሰብ አያበላም። ቀና ሲል የሚያየው ጓሳው ነው። ስለዚህ ያርሰዋል። ደጋው ሲሞቅ ደግሞ ድሮ ውርጭ የሚገድለው ገብስ ከፍ ብሎም ይበቅላል። ማረሻው በወጣ ቁጥር የቀበሮው አገር ወደ ላይ ይሸሻል። ተራራ ግን ጫፍ አለው። ከጫፉ በላይ የሚሸሹበት መሬት የለም።

አራዊት ከሰው አጠገብ መኖርን ይማራሉ ሲባል ደስ ይላል። በየአገሩ የሚወጡ ጽሑፎች ይህን እንደ ምሥራች ይናገሩታል። በሕንድ ሙምባይ በከተማው መሐል በቀረው ደን የሚኖሩ ነብሮች የጎዳና ውሾችን እየበሉ ያድራሉ። እኛም አገር የሐረር ጅብ በዓለም ታውቋል፤ በጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ በዓሹራ ገንፎ ይቀርብለታል፣ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላል። በመቀሌ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጅቦች ከከተማዪቱ በዓመት 207 ቶን የእንስሳት በድንና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሡ አስልቷል፤ በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ከሰውም ከከብትም ያርቃሉ። ማዘጋጃ ቤት ያልሠራውን አያ ጅቦ ያለ ደመወዝ ይሠራዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊነገርም ይገባዋል። ሲነገር ግን አንድ ጥያቄ ተሸፍኖ ይቀራል፤ የሚማረው ማን ነው? ለመማር የሚከፍለውስ?

ጅብን እንየው። የእኛ ሰው ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላል። ተረቱ የሚሠራው በሚያውቁት አገር ማንም ቁርበት ስለማያነጥፍለት ነው። ሰውና ጅብ የተዋወቁት በጥንት ዘመን ነው፤ ያ ትውውቅም ርቀትን ያካተተ ነበር። ጅቡ ከጨለመ በኋላ ይመጣል፤ ሰው በሩን ይዘጋል፣ ከብቱን በረት፣ በጉን ጉረኖ ያስገባል፤ ጎህ ሲቀድ ጅቡ ወደ ዋሻው ይመለሳል። ዳዊት በ103ኛው መዝሙሩ ሌሊቱን ለዱር አራዊት፣ ቀኑን ለሰው ሥራ ሰጥቶ ይከፍለዋል። በየማለዳው ዳዊት የሚደግም የደጋ ሰው ይህን ክፍፍል እንደ ሥርዓተ ፍጥረት ያውቀዋል። የወሎ ሙስሊም ጎረቤቱም በቁርኣን አል-አንዓም ምዕራፍ ላይ በምድር የሚሄደውና በክንፉ የሚበርረው ሁሉ እንደ ሰው ልጆች ራሱን የቻለ ሕዝብ መሆኑን ተምሯል። ሁለቱም ትምህርቶች አንድ ነገር ያስረዳሉ፤ አውሬው የራሱ ጊዜና የራሱ ማኅበር አለው።

ዛሬ ያ ክፍፍል እየተናጋ ነው። ኬትሊን ጌይነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ከስድስት አህጉራት የ62 ዝርያ አጥቢ እንስሳትን መረጃ አሰባስቦ ነበር። በሰው አጠገብ የሚኖሩት በሌሊት መንቀሳቀሳቸው በአማካይ በ1.36 እጥፍ ጨምሯል። አዳኝም ይሁን ገበሬ፣ ተጓዥም ይሁን መንገድ ሠራተኛ፣ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ሰው ጉዳት ባያደርስም መገኘቱ ብቻ በቂ ነበር። ቀኑን ስንወስድባቸው ወደ ሌሊቱ ገቡ። አሁን ደግሞ መብራታችንን ይዘን ሌሊቱ ውስጥ እየተከተልናቸው ነው። ቀንና ሌሊት ካለቁ በኋላ የሚገቡበት ሦስተኛ ጊዜ እግዚአብሔር አልፈጠረም።

ከጅብ ቀጥሎ የተማረው ጭላዳ ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ሣር እየጋጠ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም በየትም የዱር አገር የለውም። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣል። አያቶቹ ሲወጡ የሚያገኙት ጓሳና ሰርዶ ነበር። እሱ የሚያገኘው ገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ራሱ የሣር ወገን ነው። ከጭላዳው አንጻር ሲታይ የተሰረቀ ነገር የለም፤ ግጦሹ ረዝሟል፣ ፍሬውም ጣፍጧል። በሰው ዓይን ግን ያ ገብስ የዓመት ቀለብ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ደብተር ነው። ሁለቱ አንዱን ዘለላ እያዩ የሚያዩት ነገር ለየቅል ነው፤ አስታራቂ ቋንቋም የላቸውም።

ስለዚህ በመካከላቸው ልጅ ይቆማል። ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ፣ ገብሱ እሸት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚታጨድ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ወይም ማሳው ዳር። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ገብሱም እሸት የሚይዘው በዚያው ሰሞን ነው። ጭላዳው ጠባቂው ልጅ ይሁን ጎልማሳ፣ ድንጋዩ የሚደርስ ይሁን የማይደርስ ይለያል ይላሉ ገበሬዎቹ። ልጁ ደግሞ የመንጋውን አውራ በመልኩ ያውቀዋል። እርስ በርስ እየተማማሩ ነው። ከዚህ ትምህርት ልጁ የሚያገኘው ግን ከክፍል መውደቅ ነው፤ ጭላዳውም የሚያገኘው ድንጋይ ነው። በአዲስ አበባ ሆኖ የጭላዳን ደረት በፎቶ እያየ የሚያደንቅ ሰው፣ ያ ፎቶ የሚኖረው በዚህ ልጅ ጉልበት መሆኑን ቢያውቅ እወዳለሁ። የዱር አራዊት ጥበቃ ዋጋ በዚህች አገር የሚከፈለው ከሁሉ ያነሰ ባላቸው ሰዎች ኪስ ነው። ይህ ግፍ ነው፤ ካልተስተካከለ ማንም ስለ አውሬ ፍቅር ለገበሬ የመስበክ መብት የለውም።

የሚማሩት አራዊት ዕጣ እንዲህ ነው። ጅቡ የከተማ ጠራጊ ሆኖ ሳለ ሲታይ ይወገራል። ጭላዳው የአገር ጌጥ ተብሎ በማሳው ጠላት ነው። ጃርቱ ድንቹን ሲያወጣ በወጥመድ ይያዛል። ነብሩ ፍየል ሲወስድ በድኑ ላይ መርዝ ይደረግበታል፤ መርዙም ነብሩን ብቻ አይገድልም፤ ጥንብ አንሣውንም፣ ጅቡንም፣ የሰፈሩን ውሻም አብሮ ይወስዳል። ከእኛ ጋር መኖርን የተማረ ይጠላል። ያልተማረ ይጠፋል። በዚህ መካከል ለአውሬ የቀረለት መንገድ በጣም ጠባብ ነው።

ያልተማረው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት 500 ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ናቸው፤ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ጫፎች ላይ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተበታትነዋል። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ነበር፤ ዛሬ የለም። ማንም ተነሥቶ እናጥፋው ብሎ አልዘመተበትም። እርሻው ወጣ፣ ከብቱ ወጣ፣ ውሻው ወጣ፣ እሱ አለቀ።

ቀበሮው ለምን እንደ ጅብ አልሆነም? አስተዋይ ስላልሆነ አይደለም። ሰውነቱ፣ ቀጭን አፉ፣ ረጅም እግሩ፣ ሁሉ ለአንድ ሥራ የተሠራ ነው፤ በጓሳ ሜዳ ላይ አይጥና ፍልፈል ለመያዝ። አይጦቹ በቀን ይወጣሉ፤ የሌሊቱ ብርድ ያቃጥላቸዋል፤ ስለዚህ እሱም በቀን ያድናል። ሰውና ከብት በሚበዙባቸው የሰሜን ደጋዎች ወደ ንጋትና ወደ ምሽት ሲገፋ ታይቷል። መሞከሩ ነው። ግን የሚበላው በቀን ስለሚወጣ ሌሊቱ ለእሱ ባዶ ነው። አልፎ አልፎ ጠቦት ይወስዳል፤ ገበሬው ይህን ያውቃል፣ እኔም አልደብቅለትም። የቆሻሻ መጣያ ላይ ግን አይኖርም፤ ከሥጋ ቤት ኋላም አያድርም። ጓሳው ከሄደ አይጡ ይሄዳል፤ አይጡ ከሄደ እሱ ይሄዳል። ሌላ ዘዴ አልተሰጠውም።

ሰው ሌላውን ፍጡር የሚመዝንበት መስፈርት ብዙ ጊዜ ለእኛ ምን ያህል ተመቸ የሚል ነው። ጅቡ ብልህ ነው እንላለን፤ ዘዴኛ ነው እንላለን። ቀበሮውን ደግሞ ደካማ፣ ለዘመኑ ያልበቃ አድርገን እናየዋለን። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ከእኛ ጋር ለመኖር መቻል በሁሉም ፍጡር ላይ ልንጭነው የምንችለው ፈተና አይደለም። ለማይችለው ቦታ መተው የኛ ፈንታ ነው። የአንድ አገር ሰዎች ለፍጥረት ያላቸውን ርኅራኄ በጅብ ብዛት መለካት አይቻልም፤ ጅብ እኛ ብንከፋም ይኖራል። በቀይ ቀበሮ ግን ይለካል፤ እሱ የሚኖረው እኛ ራሳችንን ስንገታ ብቻ ነውና።

ራስን መግታት ምን እንደሚመስል ቀበሮው ራሱ ያሳያል። በመንዝ ጓሳ ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ቀበሮዎችንና ጭላዳዎችን ለረጅም ጊዜ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ያዩትን አሳትመዋል። ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ያህል፣ 67 ከመቶው፣ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን ግን 25 ከመቶ ብቻ። የጭላዳዎቹ ግጦሽ አይጦቹን እያባረረ ያወጣቸዋል፣ ወይም ቀበሮውን ይሸፍንለታል። ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው በአጠገቡ ይግጣሉ፤ አይሸሹትም። የጭላዳ ግልገል ለቀበሮ ቀላል ምግብ ነበር። እሱ ግን አይነካም። በመንጋው መሐል ሲሄድ ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥ፣ ሳያስደነግጥ ይሄዳል። አንድ ቀበሮ ይህን ጥሶ ግልገል ሲነጥቅ ጭላዳዎቹ ተነሥተው አስጣሉት፤ አባረሩት፤ ወደ መንጋው እንዳይመለስም ከለከሉት።

ይህ ታሪክ ስለ ሰላም ካነበብኩት ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ነው። ሁለቱ የሚስማሙበት ቃል የላቸውም፤ ምስክር የላቸውም፤ መሐላ የላቸውም። ያላቸው ነገር የኃያሉ ትዕግሥት ነው። ቀበሮው ዛሬ ግልገል ቢበላ ነገ አይጡን እንደሚያጣ በሆነ መንገድ ያውቀዋል፤ ወይም አያውቀውም፣ ግን ያውቅ ይመስል ይኖራል። ደካማው ወገን ሲታመን የሚኖረው ኃይለኛው የሚችለውን ሁሉ ስለማያደርግ ነው። በእኛና በአራዊቱ መካከል ኃያሉ ማን እንደሆነ አያጠራጥርም።

ጭላዳዎቹ የሚሸሹት አንድ ቀበሮ መሰል እንስሳ አለ፤ ውሻ። ሲያዩት ወደ ገደሉ ይሮጣሉ። ውሻ የእኛ መልእክተኛ ነው፤ ማረሻ ባልደረሰበት ሁሉ ይደርሳል። ከሺህዎች ዓመታት በፊት ከሰው እሳት አጠገብ የተጠጋ፣ ከሁሉም አራዊት ቀድሞ ከእኛ ጋር መኖርን የተማረ የተኩላ ዘር ነው። ዛሬ ያ የተማረው ዘመድ ያልተማረውን ዘመዱን ይገድለዋል። በጥርስ ሳይሆን በበሽታ። የዕብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ከውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋሉ። ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፤ ሲገናኝ አፍ ለአፍ ይሳሳማል፣ ቡችሎቹን ሁሉም ተጋግዞ ያሳድጋል። ይህ ፍቅሩ ለበሽታው መንገድ ይሆናል። በባሌ ዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 የዕብድ ውሻ በሽታ ሲገባ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በጥቂት ወራት አልቀዋል። ባሌ ብዙ ስላለው ተመልሶ ተሞላ። በደቡብ ወሎ ጫፎች ላይ እንዲህ ያለ በሽታ አንድ ጊዜ ቢገባ የሚተካ አይኖርም።

የእኛ ሰው ራሱን መግታት አያውቅም የሚል ካለ መንዝን አያውቅም። ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው ቄሮ በተባለው ሥርዓት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ሥርዓት ጓሳውን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋዋል፤ በተዘጋበት ጊዜ ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም፤ በሽማግሌ ምክር ሲከፈት ሁሉም ባለ መብት በሥርዓት ያጭዳል፣ ያግጣል። ሰዎቹ ይህን ያደረጉት ለቀበሮ ብለው አልነበረም። ለክዳናቸው፣ ለገመዳቸው፣ ለክፉ ቀን ግጦሻቸው ብለው ነው። ግን ሣሩ ሲያርፍ አይጡ በዛ፣ ቀበሮውም ኖረ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የሥርዓቱን መሠረት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ጓሳውን በኮሚቴ መልሶ መጠበቅ ጀመረ። አራዊትን ከሰው ጉልበት ለማስጣል ሕግና ዘበኛ ብቻ አይበቁም። የመንዝ ሰው ከራሱ ጥቅም ተነሥቶ ለሌላው መኖሪያ ተወ፤ ይህ ከማንም የተዋሰው ሐሳብ አይደለም።

ሌላውም መንገድ ተሞክሯል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ለዋልያውና ለቀበሮው ታስቦ ነው። ግን ገብስ እየዘራ በግ ሲያረባ የኖረ ሰው በከተማ ዳር ምን ይሁን? አውሬው ወደ ሰው ሲመጣ የሚጠፋውን ያህል ሰውም ከለመደው አገር ሲነሣ ይጠፋል። ለደንቆሮ የምመኘው የግጭን መንገድ አይደለም። በድንበሩ ያለው ገበሬ ከቦታው ሳይነሣ፣ የተበላበት ሰብልና በግ እየታየ የሚካስበት፣ ልጁ ማሳ ከመጠበቅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስበት፣ ሽማግሌውም እንደ መንዝ ስለ ጓሳው መዘጋትና መከፈት ድምፅ የሚኖረው መንገድ ነው።

ይህ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም፤ በጀትም፣ ሰላምም፣ የክልሉን ውሳኔም ይጠይቃል። ዛሬ ሊደረግ የሚችል ነገር ግን አለ። በመካነ ሰላም ያላችሁ ሥጋ ቤቶች፣ አንጀትና አጥንት ከከተማው ዳር አትበትኑ፤ ቅበሩት፤ ባለቤት የሌለው ውሻ የሚራባው በዚያ ነውና። በዩኒቨርሲቲው ግቢ የምትማሩ ልጆች፣ ከግቢያችሁ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች አንዳንዶቹ እንደሚኖሩ እወቁ፤ ለመመረቂያ ጥናታችሁም ርእስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ የውሻ ክትባት ሲጠየቅ ከከብቱና ከበጉ በኋላ አታድርጉት። በደንቆሮ ዙሪያ ቀበሌዎች ያላችሁ ገበሬዎች ደግሞ ውሻችሁን ማታ እሰሩ፤ ወደ ጓሳው ስትወጡ አታስከትሉት፤ ክትባቱ ወደ ቀበሌያችሁ በመጣ ጊዜም ከሁሉ በፊት እሱን ይዛችሁ ውጡ። ክትባቱ ለቀበሮው ብቻ አይደለም፤ የዕብድ ውሻ በሽታ መጀመሪያ የሚደርሰው ከልጆቻችሁ ነው።